ብርሃንን በጣት መከተል፦ የመድረክ መብራትን በኪቦርድ ቁልፎች የማዘዝ ስልትና ርዝመቱ ያልተወሰነ ክዋኔ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የመድረክ መብራትን በኮምፒውተር ወይም በሙዚቃ ኪቦርድ ቁልፎች በቀጥታ የማዘዝን አሠራር ያብራራል። ዛሬ የተለመደው የመብራት አሠራር አስቀድሞ የተጻፈና አካሄዱ የታወቀ ተውኔትን ታሳቢ ያደርጋል። እስክስታ፣ ፉከራና የአዝማሪ ጨዋታ ግን ርዝመታቸው የሚወሰነው እዚያው በክዋኔው ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ክዋኔዎች መብራቱ አስቀድሞ ከሚመዘገብ ይልቅ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ በጣት ቢመታ ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጽሑፉ የምልክቱን ጉዞ፣ የመዘግየቱን ስሌት፣ የቁልፎቹን ጠባይና ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች በቅደም ተከተል ይመለከታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመድረክ መብራት፣ ኪቦርድ፣ ሚዲ፣ ዲኤምኤክስ፣ መዘግየት፣ ክዋኔ

1. መግቢያ

የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራው በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በሕዝብ አጠራር ቡሄ በሚባለው በዚህ በዓል ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ሆያ ሆዬ ይጨፈራል። አውጪው ግጥሙን ሲያወጣ ተቀባዮቹ በዱላቸው መሬቱን እየደለቁ ይቀበሉታል። የጨዋታው ርዝመት አስቀድሞ አይለካም፤ የቤቱ ባለቤት ሙልሙሉን እስኪሰጥ፣ ምርቃቱም እስኪደርስ ይቀጥላል። የሚያሳጥረውም ሆነ የሚያስረዝመው በአውጪው፣ በተቀባዩና በታዳሚው መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ይህ ጠባይ በሌሎች ክዋኔዎችም ይታያል። አዝማሪ ከታዳሚው ግጥም እየተቀበለ ያዜማል፤ ስንት ግጥም እንደሚሰጠው አስቀድሞ አያውቅም። ፉከራ ልቡ የተነሣሣ ሰው በመሐል ገብቶ የሚጀምረው ነው። እስክስታም ጨፋሪዎቹ እርስ በርስ ሲፎካከሩ ይረዝማል። እነዚህ ክዋኔዎች ከግቢና ከዳስ ወጥተው ኤሌክትሪክ መብራት ወዳለው አዳራሽ ሲገቡ አንድ አዲስ ጥያቄ ይነሣል፦ ብርሃኑ መቼ መለወጥ እንዳለበት የሚያውቀው ማን ነው? በምንስ ይናገራል?

2. ከእጅ ወደ ማኅደር፣ ከማኅደር ወደ እጅ

ብርሃንን በኪቦርድ የመጫወት ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ሉዊ ቤርትራን ካስቴል እያንዳንዱ ቁልፍ ቀለም የሚያሳይበት ክላቪየር እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ስክሪያቢን እ.ኤ.አ. በ1910 በደረሰው «ፕሮሜቴዎስ» ውስጥ ለብርሃን ኪቦርድ ራሱን የቻለ የኖታ መስመር ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ቤንታም በቤተ ክርስቲያንና በሲኒማ ቤት ኦርጋን ቅርጽ የተሠራ የመብራት መቆጣጠሪያ አቀረበ፤ ባለሙያው በእጆቹ ቁልፎችን፣ በእግሮቹ መርገጫዎችን እየነካ ብርሃንን «የሚጫወትበት» መሣሪያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አካሄዱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ «ኤ ኮረስ ላይን» ለተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት የመብራት ዲዛይነሯ ታሮን መሰር ማኅደር ያለው የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ወደ ብሮድዌይ አስገባች። ከዚያ ወዲህ የመብራት ለውጦቹ በልምምድ ጊዜ ተመዝግበው፣ በትርኢቱ ሰዓት አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ተራ በተራ የሚወጡበት አሠራር ሰፈነ። በየምሽቱ ያንኑ ቃለ ተውኔት ለሚደግም ቲያትር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው የተፈጠረለትን ሁኔታ ረስተን ለማንኛውም መድረክ ስንገለገልበት ነው።

በአገራችን ሁለቱ ዓይነት ክዋኔዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ተውኔትን ከዘፈንና ከውዝዋዜ ጋር ሲያቀርብ የኖረ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመረቀው የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቲያትርም እንዲሁ ተውኔትንም የባህል ሙዚቃንም በአንድ መድረክ ያስተናግዳል። በክልልና በዞን ከተሞች ያሉ የባህል ቡድኖች ደግሞ የሚያዘወትሩት ዘፈኑንና ጭፈራውን ነው። የመብራት አሠራር ከክዋኔው ጠባይ ሊነሣ ይገባል ከተባለ፣ ለእነዚህ ቡድኖች የቤንታም መንገድ ከመሰር መንገድ ይልቅ የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን።

3. ከጣት እስከ መብራት

የዛሬው አሠራር በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ ጣት የሚነካው መሣሪያ፣ ትእዛዙን የሚተረጉም ኮምፒውተር፣ ብርሃን የሚሰጥ መብራት።

የሙዚቃ ኪቦርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው «ሚዲ» በተባለው ደንብ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነ፣ የተለያዩ አምራቾች የሠሯቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች እንዲግባቡ የተበጀ ሥርዓት ነው። የሚጓዘው መልእክት ድምፅ አይደለም፤ ሦስት ባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ባይት ቁልፉ መጫኑን ወይም መለቀቁን ይናገራል። ሁለተኛው የቁልፉን ቁጥር፣ ሦስተኛው የአመታቱን ኃይል ይገልጻል፤ ሁለቱም ከ0 እስከ 127 ናቸው። በቀድሞው ባለ 5 እግር ገመድ ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ሲሆን እያንዳንዱ ባይት በጉዞው 10 ቢት ይይዛል። በመሆኑም መልእክቱ በ0.96 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። የሙዚቃ ደንብ ለመብራት የተመቸውም መጫንንና መለቀቅን ለያይቶ ስለሚናገር ነው።

መብራቶቹ የሚታዘዙት እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው «ዲኤምኤክስ 512» በተባለ ደንብ ነው። በአንድ ገመድ እስከ 512 መስመሮች ይጓዛሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር ከ0 እስከ 255 የሆነ ዋጋ ይተላለፋል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 7 መስመር የሚፈልጉ 8 ባለ ቀለም የኤልኢዲ መብራቶች 56 መስመሮችን ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው መብራት አድራሻ 1፣ የሁለተኛው 8፣ የሦስተኛው 15 እያለ የመጨረሻው 50 ይሆናል። ፍጥነቱ በሰከንድ 250,000 ቢት ስለሆነ 512ቱን መስመሮች አንድ ጊዜ አዳርሶ ለመመለስ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል።

በመካከል ያለው ኮምፒውተር የቁልፉን መልእክት ተቀብሎ ወደ መብራት ዋጋ ይለውጣል። ለዚህ ሥራ «ኪው ኤል ሲ ፕላስ» የተባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ ምንጩም ክፍት የሆነ ፕሮግራም መጥቀስ ይቻላል። ፕሮግራሙ ከሙዚቃ ኪቦርድም፣ ከኮምፒውተር ኪቦርድም፣ ከጨዋታ መቆጣጠሪያም ትእዛዝ ይቀበላል፤ በዩኤስቢ በሚገናኝ ትንሽ ማስማሚያ አማካይነትም ለመብራቶቹ ይናገራል። አንድ ላፕቶፕና ጥቂት መብራቶች ላሉት ቡድን ውድ መቆጣጠሪያ ሳይገዛ ለመጀመር ይህ በቂ ነው።

4. መዘግየቱ ይታያልን?

ጣት ቁልፉን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ብርሃን እስኪታይ የሚያልፈው ጊዜ መዘግየት ይባላል። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ከበሮ በሁለት ምቶች መካከል 500 ሚሊ ሰከንድ ይሰጣል። ብርሃኑ ከዚህ ውስጥ ሊታይ የሚችል ድርሻ ካባከነ ከምቱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ስሌቱን በየደረጃው ማየት ይጠቅማል።

የኮምፒውተር ኪቦርድን እንውሰድ። ቁልፉ ሲነካ የሚፈጠረውን የብረት መንጠር ለማጥራት 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ኪቦርዱን በሰከንድ 125 ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ እስከ 8 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የመብራት ፕሮግራሙ ዋጋዎቹን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። በመጨረሻም የዲኤምኤክሱ ዙር እስከ 23 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ሁሉም ደረጃ ከፍተኛውን ጊዜ ቢወስድ ድምሩ 56 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህም በሁለቱ ምቶች መካከል ካለው ጊዜ አንድ ዘጠነኛው ነው። በተለመደው ሁኔታ ሁሉም መጠበቅ በአንድ ጊዜ ወደ ጫፍ ስለማይደርስ ከዚህ ያንሳል።

ይህን ቁጥር ለብቻው መመዘን ግን ያሳስታል፤ ድምፅም ይዘገያልና። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው ሙቀት እንጂ የአየር ግፊት አይደለም። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ በምትገኘው ደብረ ታቦርም የአየሩ መሳሳት ስሌቱን አያፋልሰውም። ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ታዳሚ የከበሮውን ምት ከ59 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይሰማል። ብርሃኑ 56 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ለዚህ ሰው ምቱና ብርሃኑ በአንድነት ይደርሱታል። ከመድረኩ 3 ሜትር ላይ የተቀመጠው ግን ምቱን በ9 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሰማ ብርሃኑ በ47 ሚሊ ሰከንድ ይዘገይበታል።

ይህ ልዩነት ይታወቃል ወይ? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ያወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ተመልካች ልዩነቱን መለየት እንደሚጀምር፣ ድምፅ ወደ ኋላ ሲቀር ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ እንደማይለየው ያመለክታል። መመዘኛው ለመድረክ መብራት የተቀረጸ ባይሆንም አቅጣጫ ይሰጣል፤ ዓይን ቀድሞ ማየቱን ይታገሣል፤ ጆሮ ቀድሞ መስማቱን ግን ቶሎ ይታዘባል። ስለዚህ የሚያሳስበው የፊት ወንበር ነው። መፍትሔውም በእጅ ነው፤ ጥቂት መስመሮችን ብቻ በመላክ የዲኤምኤክሱን ዙር ማሳጠር፣ የፕሮግራሙን የእድሳት ፍጥነት መጨመር፣ ፈጥኖ በሚበራ ኤልኢዲ መገልገል። ትልልቅ የሃሎጅን አምፖሎች ሽቧቸው እስኪግልና እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚወስዱ ለጸና ብርሃን እንጂ ለምት አይመቹም።

5. የቁልፍ አራት ጠባይ

አንድ ቁልፍ ሲነካ ምን ይሆናል የሚለው ውሳኔ ከመሣሪያው ዓይነት ይበልጣል። በመሠረቱ አራት ጠባዮች አሉ።

የመጀመሪያው ጠባይ «እስከተያዘ ድረስ» ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ይበራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል። ሁለተኛው «ተቀያያሪ» ነው፤ አንድ ጊዜ ሲነካ ይበራል፣ ዳግመኛ ሲነካ ይጠፋል። ሦስተኛው «ቀጣይ» ሲሆን በነካን ቁጥር ወደሚቀጥለው የተመዘገበ ብርሃን ይሻገራል። አራተኛው የጣትን ኃይል ይከተላል፤ ጠንክሮ የተመታ ቁልፍ ደማቅ፣ ለስልሶ የተነካ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። በዚህኛው የሚዲን 0–127 ወደ 0–255 ለመለወጥ ቁጥሩን በሁለት ማባዛት የተለመደ ነው፤ ከፍተኛው 254 ስለሚሆን የሚጎድለው አንድ ነጥብ በዓይን አይታይም።

«ቀጣይ» ለተጻፈ ተውኔት ይስማማል። ርዝመቱ ላልተወሰነ ክዋኔ ግን አደገኛ ነው፤ ጨፋሪዎቹ አንድ ዙር ከጨመሩ ወይም አንድ ሰው በድንገት ለፉከራ ከተነሣ ዝርዝሩ ከመድረኩ ይለያያል፤ ባለሙያውም ዓይኑን ከመድረኩ አንሥቶ ስክሪን ላይ የጠፋበትን ቦታ ይፈልጋል። «ተቀያያሪ» ደግሞ ምን እንደበራ ማስታወስን ይጠይቃል። «እስከተያዘ ድረስ» ከሁለቱም ችግር ነጻ ነው፤ እጅ ሲነሣ መድረኩ ወደ መነሻ ብርሃኑ ይመለሳል። ስሕተት ቢፈጠር እንኳ የስሕተቱ ዕድሜ የጣቱ ዕድሜ ነው። ለእስክስታ ትከሻ አመታት፣ ለጭብጨባና ለእልልታ ቀዳሚው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባል።

ለቁልፎቹ የሚሰጠው ብርሃንም ከአለባበሱ ጋር ሊታሰብ ይገባዋል። ነጭ የአገር ልብስ የወረደበትን ቀለም ሁሉ ይመልሳል። ቀይ ጥለት በቀይ ብርሃን ሥር ከነጩ ጨርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ብርሃን ሥር ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ መነሻው ነጭ ሆኖ ቀለሙ በቁልፍ ለአፍታ ቢጨመር ጥለቱም ጥበቡም አይጠፋም። የትከሻን እንቅስቃሴ ጎልቶ የሚያሳየው ከፊት ሳይሆን ከጎን የሚመጣ ብርሃን በመሆኑ ለእስክስታ ቁልፎች የጎን መብራቶች ቢመደቡ ይመረጣል።

6. የትኛው ኪቦርድ?

የኮምፒውተር ኪቦርድ በየቤቱ አለ፤ ግን ለጽሕፈት የተሠራ ነው። ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ፊደሉን ደጋግሞ ይልካል፤ ይህ ድግግሞሽ ካልታገደ «ተቀያያሪ» የሆነ መብራት ይብለጨለጫል። በብዙ ርካሽ ኪቦርዶች የአንዳንድ ሦስት ቁልፎች ጥምረት በአንድ ጊዜ ሲያዝ ሦስተኛው አይመዘገብም። በትርኢቱ መካከል ሌላ መስኮት ስክሪኑ ላይ ከወጣ ቁልፉ ለመብራቱ መናገሩን ትቶ ለዚያ መስኮት ይናገራል። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ በግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምረው አንድ ፊደል ስለሚያወጡ ቁልፉን ከመብራት ፕሮግራሙ በፊት ሊይዙት ይችላሉ። ትርኢት ከመጀመሩ በፊት የአማርኛ መጻፊያውን መዝጋት ያስፈልጋል።

የሙዚቃ ኪቦርድ ከእነዚህ ችግሮች በአብዛኛው ነጻ ነው። በጨለማ አዳራሽ ያለው ጥቅምም ቀላል አይደለም። ጥቁሮቹ ቁልፎች ከፍ ብለው ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ስለተደረደሩ ጣት ሳያይ ቦታውን ያውቃል፤ በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ለጣት ምልክት የሚሆኑት ግን ሁለት ፊደሎች ላይ ያሉ ትንንሽ ጉብታዎች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ የቅኝቶቻችን ጠባይ አንድ ዕድል ይከፍታል። ቅኝቶቹ ባለ አምስት ድምፅ ሲሆኑ በኪቦርድ ላይ በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ 12 ቁልፎች አሉ፤ ሰባቱ ሳይነኩ ይቀራሉ። ሙሉ ትዝታ ለምሳሌ በአምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻ ሊጫወት ይችላል፤ ሰባቱ ነጮች ሥራ ፈት ናቸው። ታዲያ ያው ተጫዋች በነጮቹ መብራቱን ቢያዝስ? ሐሳቡ ይማርካል፤ ግን ሁለት እንቅፋቶች አሉት። አንደኛ፣ ነጩ ቁልፍ ሲነካ ድምፁም አብሮ ይወጣል፤ ይህን ለማገድ የኪቦርዱን ድምፅ ከቁልፉ ነጥሎ በኮምፒውተር ማጣራት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ለዘፋኙ ድምፅ ሲል የቅኝቱን ከፍታ በማዘዋወሪያ ቁልፍ ሲለውጥ በብዙ ኪቦርዶች የሚላከው የቁልፍ ቁጥርም አብሮ ይዘዋወራል፤ መብራቱም ሳይታሰብ ወደ ሌላ ይዞራል። ስለዚህ የራሱ ድምፅ የሌለው፣ 25 ቁልፎች ያሉት ትንሽ ኪቦርድ ለብቻው ለመብራት መመደብ የተሻለ ነው።

7. ቁልፉን ማን ይያዝ?

ከላይ ያሉት ጥያቄዎች በመሣሪያ የሚፈቱ ናቸው። ይህኛው ግን የዕውቀት ጥያቄ ነው። የአዝማሪ ግጥም ኃይሉ የሚገኘው በቤት መምቻው ላይ ነው፤ ሰሙ ሲሰማ የቆየ ታዳሚ ወርቁን የሚያገኘው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ብርሃኑ ከዚያች ቃል ቀድሞ ከደመቀ ቅኔውን ይሰርቃል፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ከደመቀም ምንም አይጨምርም። ይህን ቅጽበት የድምፅ መጠን የሚለካ አውቶማቲክ መሣሪያ ሊያውቀው አይችልም፤ የሚለካው የድምፁን ከፍታ እንጂ ትርጉሙን አይደለምና። ቅጽበቱን የሚያውቀው ቋንቋውን፣ ዜማውንና የከዋኙን ትንፋሽ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ቁልፉን መያዝ ያለበት የኮምፒውተር ዕውቀት ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን ከቡድኑ ጋር ልምምድ የሚያደርግ፣ ቢቻል ከበሮ የሚመታ ወይም የሚቀበል ሰው ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ተነጥሎ ከሚቀመጥ ይልቅ ጨፋሪዎቹን ከጎን በሚያይበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን የመብራት ባለሙያው ሌላ ተቀባይ ይሆናል፤ አውጪው ሲያወጣ በብርሃን ይቀበላል።

በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእጅ የሚመታ ብርሃን በየምሽቱ ይለያያል፤ ባለሙያው ቢታመም የሚተካው ሰው የተመዘገበ ነገር አያገኝም። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለሆነም ሁለቱን ማጣመር ይሻላል፦ መግቢያው፣ መውጫውና የየዘፈኑ መነሻ ብርሃን ይመዝገብ፤ በመካከሉ ያለው ምት፣ ቤት መምቻና ፉከራ ለጣት ይተው። ለጣት የሚተዉት ቁልፎችም ከስምንት ባይበልጡ ይመከራል፤ አንድ እጅ ሳይፈልግ የሚያገኛቸው መሆን አለባቸውና።

8. ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ «ቁልፍ ተለቀቀ» የሚለው መልእክት በመንገድ ከጠፋ መብራቱ በርቶ ይቀራል። ሁሉንም ትእዛዝ ሰርዞ መድረኩን ወደ መነሻ ብርሃን የሚመልስ አንድ ቁልፍ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ መመደብ አለበት።

ሁለተኛ፣ ፈጣን ብልጭታ በብርሃን የሚቀሰቀስ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ጉዳት ያመጣል። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ በላይ እንዳይኖር ያሳስባል። ይህን ገደብ ለመድረክም መዋስ ተገቢ ነው፤ ጣት ከዚህ በላይ ሊፈጥን ስለሚችል ገደቡ በፕሮግራሙ ውስጥ ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፣ ኃይል ሲቋረጥ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ መብራቶቹ ግን ይጠፋሉ። ኃይሉ ሲመለስ ቀድሞ ተይዞ የነበረ ትእዛዝ በድንገት እንዳይወጣ፣ መብራቱ እንደጠፋ የመሰረዣውን ቁልፍ መንካት ልማድ ይሁን።

9. ማጠቃለያ

በኪቦርድ ቁልፎች መብራትን ማዘዝ በቴክኒክ ረገድ ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ የሚቻል ነገር ነው። ስሌቱም እንደሚያሳየው መዘግየቱ በጥንቃቄ ከተያዘ ክዋኔውን አይበድልም። ዋናው ጉዳይ የጊዜው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ተመዝግቦ የሚወጣ ብርሃን ከዋኙን ከዝርዝሩ እኩል እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ ጨፋሪው ሲጋጋል ብርሃኑ «በቃህ» ይለዋል። በጣት የሚመታ ብርሃን ግን ከዋኙን ይከተላል። የባህል ክዋኔዎቻችን ወደ አዳራሽ ሲገቡ እንዲያጥሩና በአንድ ልክ እንዲቆረጡ የሚገፏቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ መብራቱ ከእነዚህ አንዱ እንዳይሆን ማድረግ በእጃችን ያለ ምርጫ ነው። ለቀጣይ ጥናት የሚሆነው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ በመድረክ መብራት ሥልጠና ውስጥ የምት፣ የቅኝትና የግጥም ዕውቀት ምን ያህል ስፍራ ሊሰጠው ይገባል?